አሥር የጎደለው ሜትር እና ያልሰፋው በር

አክስታችን፣ ሰፈሩም መሥሪያ ቤቱም «እትዬ ሜትር» እያለ የሚጠራቸው፣ ከአውቶቡስ ሾፌር አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በመጋቢት ወር 1950 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱት አራት ሜትር በሦስት በሆነች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ስምንት ሰው ይኖርባት ነበር። ይህን የምንጽፈው ለማሳዘን አይደለም። እሳቸው ራሳቸው የት ተወለዱ ተብለው ሲጠየቁ የሰፈሩን ስም ትተው ስፋቱን ነበር የሚናገሩት።

ክፍሏ ውስጥ የነበረው ጠረጴዛ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የስፌት መኪናው የተቀመጠበት ነው። ልጆቹ የቤት ሥራቸውን የሚሠሩት ከጠረጴዛው ሥር ነበር። እናታቸው ደንበኛን ሳይለኩ ሰፍተው አያውቁም። ያው ደንበኛ በዓመቱ ቢመለስ እንኳ እንደገና ይለኩት ነበር። «አምና እኮ ለክተሽኛል» የምትል ሴት ስትመጣ «አምና የለካኋት ሌላ ሴት ናት፤ ነይ ቁሚ» ይሏት ነበር። የሚለኩበት የጨርቅ ሜትር ጫፉ በአጠቃቀም ብዛት ስለተበጣጠሰ የመጀመሪያዎቹን አሥር ሴንቲሜትሮች በመቀስ ቆርጠው ጣሏቸው። ከዚያ በኋላ የለኩትን ሁሉ አሥር እየቀነሱ ይጽፉ ነበር። አክስታችን መቀነስን የተማሩት ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት በዚህ ሜትር ነው።

በ1957 ዓ.ም. ትምህርት ጀመሩ። ሁለተኛ ደረጃን በ1968 ዓ.ም. ጨርሰው ለሁለት ዓመት የመዝገብ አያያዝ ሙያ ተማሩ። በ1970 ዓ.ም. በቤቶች መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ተቀጠሩ። እዚያም አርባ ዓመት ሠሩ።

ስለዚህ መሥሪያ ቤት ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። አብዛኞቻችን ደጁን ጠንተናል። ተመዝጋቢዎች የሚስተናገዱበት መስኮት የተሠራው በሰው ወገብ ልክ ነው። ቤት የሚፈልግ ሰው ሁሉ አጎንብሶ ነው የሚናገረው፤ አርባ ዓመት ሙሉ ከፍ ይበል ያለ ሰው የለም። ከመስኮቱ ወዲያ ያሉት ሰዎች ሥራቸው አንድ ነበር፦ ያሉትን ቤቶችና የሚጠብቁትን ሰዎች ማገናኘት። ለየትኛው ሰው የትኛው ቤት ይስማማል ብሎ መጠየቅ ነው። እነሱ ግን የሚጠይቁት ቀጣዩ ቁጥር ስንት ነው ብለው ነበር። ቀጣዩ ቁጥር ቀጣዩን ቁልፍ ይወስዳል። ባልቴቷ አራተኛ ፎቅ ይደርሳታል፤ ሰባት ልጆች ያሉት ሰው አንድ ክፍል ይደርሰዋል። የመሥሪያ ቤቱ የምደባ ኮሚቴ «ፍትሐዊ ምደባ ተካሂዷል» ብሎ ቃለ ጉባኤ ይፈርማል።

ከዚህ የባሰ ደንብም ነበራቸው። በቤተሰቡ ላይ የተለወጠ ነገር አለ ብሎ ያስመዘገበ ሰው እንደ አዲስ ተመዝጋቢ ተቆጥሮ የወረፋው መጨረሻ ላይ ይመለሳል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ደበቀ። ልጅ የወለደ ሰው አልወለድኩም አለ፤ ሚስቱ የሞተችበት ሰው አለች አለ። እስከ አሥራ አምስት ዓመት በሚጠበቅበት ወረፋ ውስጥ ማንም አልተወለደም፣ ማንም አልሞተም። በፋይሉ መሠረት በዓለም ላይ እንደኛ ተመዝጋቢዎች ጤነኛ ሕዝብ አልነበረም። ኮሚቴውም ይህን ፋይል እያነበበ ቤት ያድል ነበር።

አክስታችን በዚህ ይስቁ ነበር፤ ሳቃቸው ግን የንቀት ሳቅ ነበር። በ1974 ዓ.ም. ከጠረጴዛቸው ሥር አንድ የጫማ ካርቶን አስቀመጡ። ከሥራ በኋላ እየዞሩ በእርግጥ በቤቱ ውስጥ ማን እንዳለ፣ ማን ደረጃ መውጣት እንደማይችል፣ የማን ሥራ የት እንደሆነ በካርድ ላይ ጽፈው እዚያ ይከቱ ነበር። ቤቶቹንም ለኩ። የእናታቸውን ሜትር ይዘው በሩን፣ ኮሪደሩን፣ የደረጃውን ቁመት ይለኩ ነበር፤ አሥር ይቀንሱና ይጽፋሉ። «እትዬ ሜትር» የሚለው ስም ያን ጊዜ ወጣላቸው። መሥሪያ ቤቱ ለፌዝ አወጣው። ተመዝጋቢዎቹ ተቀብለው የአክብሮት ስም አደረጉት። ምደባ በወጣ ቁጥር የደረሳቸው ቤት ያልተስማማቸውን ሁለት ቤተሰቦች ጠርተው ያገናኙና ቤት ያለዋውጧቸዋል። ይህ ከሥልጣናቸው ውጭ ነበር። ኮሚቴው ያውቅ ነበር፤ ግን አቤቱታ ስለቀነሰለት እንዳላየ ሆነ። በሪፖርቱም ላይ የአቤቱታውን መቀነስ የራሱ ውጤት አድርጎ ጻፈው።

በ1973 ዓ.ም. ከመብራት ጥገና ባለሙያ ባለቤታቸው ጋር ተጋቡ። በ1976 ዓ.ም. ዛሬ ነርስ የሆነችውን አንድያ ልጃቸውን ወለዱ። በ1977 ዓ.ም. እንደ ማንኛውም ተመዝጋቢ ወረፋቸውን ጠብቀው ባለ ሦስት ክፍል ቤት ደረሳቸው፤ እናታቸውንም ይዘው ገቡ። ባለቤታቸው በ1995 ዓ.ም.፣ እናታቸው በ1997 ዓ.ም. አረፉ። ልጃቸው በ1998 ዓ.ም. አግብታ ወጣች። በሦስቱ ክፍሎች ውስጥ ብቻቸውን ቀሩ።

በዚያው ዓመት ቤቱን መልሰው አንድ ክፍል እንዲሰጣቸው ማመልከቻ ጻፉ። መሥሪያ ቤቱ ደነገጠ። ቤት ለመጠየቂያ አሥራ ሁለት ዓይነት ቅጽ ነበረው፤ ቤት ለመመለሻ ግን አንድም ቅጽ አልነበረውም። ከመመሥረቱ ጀምሮ ትልቅ ቤቴን ውሰዱና ትንሽ ስጡኝ ያለ ሰው ገጥሞት አያውቅም። የኦዲት ክፍሉ «ምን አጥፍተው ነው?» ብሎ ጠየቀ። ጓደኞቻቸው «እትዬ፣ ጤና የለዎትም እንዴ?» አሉ። አንድ የኮሚቴ አባል ደግሞ «ነገሩ ምሳሌ ይሆናል» ብሎ ተቃወመ፤ በመጥፎ ምሳሌነቱ ማለቱ ነው። ሁለት ክፍል ለመተው አሥራ አራት ወር ፈጀባቸው። ቤቱን የተረከቡት ከሚስታቸውና ከስድስት ልጆቻቸው ጋር በአንድ ክፍል ይኖሩ የነበሩት ዳቦ ጋጋሪ ናቸው፤ ዛሬ እዚህ አሉ።

አሁን ወደ ሜትሩ ነገር እንመጣለን። ይህ ክፍል ሲነበብ ደስ የማይላቸው ሰዎች ከፊት ወንበር ላይ እንደተቀመጡ እናውቃለን። አክስታችን ግን ስለ እሳቸው ከተጻፈ ይህ እንዳይቀር ለልጃቸው አደራ ብለዋል።

በ2008 ዓ.ም. ባለ አምስት ፎቁ አዲስ ሕንፃ ተጠናቀቀ። በምድር ቤቱ ያሉት አሥራ ሁለት ቤቶች በዊልቸር ለሚንቀሳቀሱ ተመዝጋቢዎች ተመደቡ። መመሪያው በራቸው ከሰባ አምስት ሴንቲሜትር እንዳይጠብ ያዛል። የምረቃው ቀን ተቆርጦ ነበር፤ አክስታችን ደግሞ ልባቸውን ታመው ለሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኝተው ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ከሁለት የኮሚቴ አባላት ጋር ለመለካት ተነሱ። የቢሮው የብረት ሜትር ጠፋ። ኃላፊው የእትዬን መሳቢያ ከፍተው የጨርቁን ሜትር ወሰዱ።

የዚያ ሜትር የመጀመሪያው ቁጥር አሥራ አንድ ነው። ሦስት ባለ ዲግሪ ሰዎች አሥራ ሁለት በር በዚያ ሜትር ለኩ፤ አንዳቸውም አንድ የሚለው ቁጥር የት ሄደ ብለው አልጠየቁም። በሮቹ ስልሳ ሰባት ነበሩ፤ ሰባ ሰባት ተብለው ተመዘገቡ።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው የወንድማቸው ልጅ በዚያ ጊዜ ከሩቅ አገር ስለ ቤት ምደባ ተምሮ ተመልሶ የመሥሪያ ቤቱ አማካሪ ሆኖ ነበር። ተመዝጋቢን ከቤት የሚያዛምድ ቀመር በኮምፒውተር ሠርቶ ነበር፤ አሥራ ሁለቱን ሰዎች ከአሥራ ሁለቱ ቤቶች ጋር ያዛመደው እሱ ነው። ሪፖርቱ «መቶ በመቶ ተጣጥሟል» ይላል። ሆስፒታል ሊጠይቃቸው ሄዶ በኩራት ሲነግራቸው የጠየቁት አንድ ነገር ነበር። «በሩን ስንት ብለህ አስገባኸው?» አሉት። «ፋይሉ ላይ ያለውን ነዋ፣ ሰባ ሰባት» አላቸው። «አንተ ሄደህ አየኸው?» አሉት። አላየውም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ። የተማረውን ትምህርት ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ድሮው ማመን አልቻለም።

ምረቃው በሪባንና በጭብጨባ ተካሄደ። የሰባት ቁጥር ቤት የደረሳቸው ጫማ ሰፊ በዊልቸራቸው ላይ ተቀምጠው ቁልፉን ከፍ አድርገው የተነሱት ፎቶ ዛሬም በመሥሪያ ቤቱ ኮሪደር ላይ ተሰቅሏል። ልብ ብሎ የሚያይ ሰው ዊልቸሩ ከደፉ ውጭ እንደቆመ ያያል። የቆመው ለፎቶው አልነበረም። ወንበራቸው ሰፈር ያለ በያጅ የሠራላቸው፣ የማይታጠፍ፣ ወርዱ ስልሳ ዘጠኝ የሆነ ነው።

አክስታችን ከሆስፒታል በወጡ በማግሥቱ ሕንፃው ጋ ሄዱ። አሥራ ሁለቱንም በር ለኩ፤ አሥር ቀነሱ። ከዚያ ወደ ኃላፊው ቢሮ ወጡ። ኃላፊውን ወጣት ሳሉ ፋይል አቀማመጥ ያስተማሯቸው አክስታችን ስለሆኑ አንቱ ብለዋቸው አያውቁም።

ኃላፊው «እትዬ ሜትር፣ ሁለት ሴንቲሜትር እኮ ነው! ለሁለት ሴንቲሜትር ይህን ያህል?» አሏቸው።

እሳቸውም «እሺ ልጄ፣ በሁለት ሴንቲሜትር የሚጠብህን ጫማ አድርገህ አንድ ሳምንት ሂድበትና ከዚያ እንነጋገራለን። ጫማ ሰፊውን እኔ አመጣልሃለሁ» አሏቸው።

በሁለተኛው ሳምንት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳቸው። ጥፋታቸው «ጉድለት ያለበት የግል መሣሪያ በመሥሪያ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ በማስቀመጥ ሥራን ማሳሳት» ነው ይላል። አክስታችን አልተከራከሩም፤ ለክርክር የሚበቃ ሰው አላገኙም። ደብዳቤውን በመቀስ አሥራ ሁለት ቦታ ቆራረጡት። በእያንዳንዱ ቁራጭ ጀርባ ላይ የአንድ ቤት ቁጥርና የአንድ ሰው ስም ጽፈው ካርቶናቸው ውስጥ ጨመሩ።

በ2010 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ስንብት ላይ የግድግዳ ሰዓት ተሰጣቸው፤ ሰዓቱ አይሠራም ነበር። ካርቶናቸውን ግን ይዘው ወጡ። ከአሥራ ሁለቱ ካርዶች አሥራ አንዱን ከጡረታ በፊትና በኋላ በአራት ዓመት ውስጥ ዘጉ። አሮጌ ግን ሰፊ በር ያላቸው ቤቶች የት እንዳሉ ያውቁ ነበር፤ እዚያ የሚኖሩትና አዲስ ሕንፃ የሚመኙት እነማን እንደሆኑም ያውቁ ነበር። በአራት ቁጥር የነበሩት ጡረተኛ ዘበኛ፣ ቀድሞ ሱቅ ወደነበረ፣ በሩ ዘጠና የሆነ ቤት ተዛወሩ፤ ከዚያ ቤት የወጡት አዲስ ተጋቢዎች የአራት ቁጥሩ በር ስልሳ ሰባት መሆኑን እስከ ዛሬ አላወቁም፤ ማወቅም አያስፈልጋቸውም። አንድ የጫማ ካርቶን የያዙ ጡረተኛ መሥሪያ ቤቱ ከነኮምፒውተሩ ያልቻለውን ሠሩ።

አንዱ ካርድ ቀረ፤ የሰባት ቁጥር ካርድ። ጫማ ሰፊው መሄድ አይችሉም። የሥራ ቦታቸው በዚያው ሕንፃ ደረጃ ሥር ነው፤ ደንበኞቻቸው የዚያ ሕንፃ ሰዎች ናቸው። ሌላ ቦታ ሰፊ በር ቢያገኙ ሥራቸውን ያጣሉ። ለእሳቸው የሚስማማው ቤት የደረሳቸው ቤት ነው፤ በሩ ብቻ ነው ያልተስማማው። ስለዚህ ስድስት ዓመት ሙሉ ደፉ ላይ ሲደርሱ ከወንበራቸው ወርደው በእጃቸው እየተሳቡ ይገባሉ። ወንበሩ ውጭ ላስቲክ ለብሶ ያድራል። አክስታችን ሊጠይቋቸው ሲሄዱ «ግቢ እንግዲህ እትዬ፣ ለአንቺ በሩ አይጠብም» እያሉ ይቀልዱ ነበር። እሳቸው ግን «አንተ በወንበርህ ሳትገባ ጋሼ፣ እኔም አልገባም» ብለው ውጭ፣ የጫማ መጠገኛው ዱካ ላይ ተቀምጠው ነበር የሚጫወቱት። ከዚያ ቤት ደፍ አልፈው አያውቁም።

በሩን ለማስፋት የሚያስፈልገው አንድ ነገር ነው። በደንቡ መሠረት ያለ ፈቃድ ሕንፃ የነካ ተከራይ ቤቱን ይነጠቃል። ፋይሉ ሰባ ሰባት እስካለ ድረስ ደግሞ ፈቃድ አይሰጥም፤ በወረቀት ላይ በሩ ሰፊ ነው። የፋይሉ ልኬት የሚታረመው ኃላፊው ራሳቸው በቦታው ተገኝተው ለክተው ሲፈርሙ ብቻ ነው። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። አክስታችን ለዚህ አምስት ደቂቃ ሠላሳ አንድ ጊዜ ቢሮ ሄደዋል። ስብሰባ ላይ ናቸው ተባሉ። ለመስክ ሥራ ወጥተዋል ተባሉ። «በአካል መምጣት አይጠበቅብዎትም፣ በደብዳቤ ይጻፉ» ተባሉ፤ ሲጽፉ «በአካል ይቅረቡ» የሚል መልስ መጣ። በመጨረሻ ጸሐፊዋ አዝና «እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ በሩ ስልሳ ሰባት ከሆነ ሽልማቱ ምን ሊሆን ነው?» አለቻቸው። ኃላፊው በዚያ ሕንፃ ምደባ ተሸልመው ነበርና። ስድስት ዓመት ሰውዬው በእጃቸው የተሳቡት በመስታወት ውስጥ ለተሰቀለ አንድ ወረቀት ነው።

አክስታችን ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሕመማቸው ጠናባቸው። ደረጃ መውጣት፣ ከዚያም መራመድ አቃታቸው። በመጋቢት ወር አናጺ አስጠርተው ወርዱ ሰማንያ ሴንቲሜትር የሆነ የበር መቃን አዘዙ። አናጺው ለክቶ ሲያስረክብ እሳቸው በተኙበት በእናታቸው ሜትር ደግመው ለኩት፤ አሥር ቀነሱ፤ «ይሁን» አሉ። መቃኑ የሚቀመጥበት ቦታ ስላልነበረ በአንዲቷ ክፍላቸው ውስጥ ከአልጋቸው ጎን አንዱ ቋሚው ብቻ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ሊጠይቃቸው የመጣ ሁሉ በዚያ መቃን ውስጥ አልፎ ነበር የሚስማቸው። የወንድማቸው ልጅ «ፈቃዱ ሳይመጣ መቃን ምን ያደርጋል?» ሲላቸው «ኃላፊው ይሰማኛል ብዬ ሳይሆን ሰበብ እንዳይኖረው ነው» አሉት።

በልጃቸውና በሐኪሞች ሲረዱ ቆይተው ትናንት ማክሰኞ ግንቦት 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ከቀኑ በስምንት ሰዓት፣ በስልሳ አራት ዓመታቸው፣ መቃኑ አጠገብ አረፉ።

አክስታችን የአንዲት ሴት ልጅ እናት፣ የሁለት ልጆች አያት ነበሩ። ልጃቸው፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ ወንድማቸው፣ የወንድማቸው ልጅ፣ እንዲሁም በጫማ ካርቶኑ ውስጥ ካርዳቸው ያለ ሦስት መቶ አርባ ሁለት ቤተሰቦች ያዝኑላቸዋል። በእነዚያ ካርዶች ላይ የተወለደ ተወልዷል፤ የሞተም ሞቷል። የወንድማቸው ልጅ ዛሬ ጠዋት የእሳቸውን ካርድ አውጥቶ ቀኑን ጽፎበታል።

አንድ ነገር ይቀረናል። መሥሪያ ቤቱ ትልቅ የአበባ ጉንጉን ልኳል። ወርዱን ለክተነዋል፤ አንድ ሜትር ከአሥር ነው፤ በሰባት ቁጥር በር አያልፍም። ይዘውት የመጡት ኃላፊው ራሳቸው ናቸው። ስለ መምጣታቸው እናመሰግናለን። ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ለቀብር ብለው ፈቃድ ስለወሰዱ ስብሰባ እንደሌለባቸው፣ መስክም እንዳልወጡ እናውቃለን። ሰባት ቁጥር ከዚህ የስምንት ደቂቃ መንገድ ነው። አናጺውና ግንበኛው መቃኑን ይዘው ከጠዋት ጀምሮ እዚያ እየጠበቁ ናቸው። የልኬት ማረሚያው ቅጽ ተሞልቶ ቀርቧል፤ የቀረው አንድ ቁጥርና አንድ ፊርማ ነው። ከቀብር በኋላ ለቀስተኛው ሁሉ ወደ ቤታችን ሳይሆን ወደዚያ እንዲሄድ ቤተሰቡ በአክብሮት ይጠይቃል። ኃላፊው በሩን ሲለኩ እናያለን። ሜትሩ በአክስታችን ልጅ እጅ ነው፤ አሥር መቀነስ እንዳይረሱ አደራ እንላለን።

ጫማ ሰፊው ዛሬ እዚህ ያልመጡት ስላላዘኑ አይደለም። ደፋቸው ላይ፣ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው እየጠበቁን ነው። ዛሬ በእጃቸው አይሳቡም።

የአክስታችንን ነፍስ ፈጣሪ ልኳን ወስዶ፣ ፋይል ሳይሆን እሷኑ አይቶ፣ በሚስማማት ቤት ያሳርፍልን።